የደብሩ ዛፍና የተማሪው ቁራሽ

መንደር ምንድን ናት ተብሎ የተጠየቀ ሰው አስቀድሞ የሚቈጥረው ቤቶቿን ነው። ይህን ያህል ጎጆ፣ ይህን ያህል አባወራ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ምንጭ ይልና ቍጥሩን ሲጨርስ የጥያቄውን መልስ የሰጠ ይመስለዋል። ይህ መልስ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ያልተሟላ ነው። ቤት የየባለቤቱ ነው፤ ማሳም የየባለቤቱ ነው። መንደርን መንደር የሚያሰኛት ግን የማንም የግል ሀብት ሳይሆን የሁሉም የሆነው ነገር ነው። እርሱ የጎደለ እንደ ሆነ ጎጆዎቹ እንዳሉ ቆመው መንደሪቱ ልትጠፋ ትችላለች።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን ይህን አሳብ ይዘን ወደ ደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ልንወስዳችሁ አስበናል። ከእናንተ መካከል ትውልዳችሁ ከዚያ የሆነ ብዙ ናችሁ፤ አባታችሁ ወይም አያታችሁ ከዚያ ተነሥተው ከተማ የገቡም አላችሁ። አገሩን በዓመት አንድ ጊዜ ለንግሥ ሄዳችሁ ተሳልማችሁ የምትመለሱም አትጠፉም። ስለዚህ የምንናገረው ስለ ሩቅ አገር ሳይሆን ስለ ብዙዎቻችሁ የእናት ጓሮ ነው።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በአውራ ጎዳናው ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው የጉናን ተራራ በስተ ቀኙ እያየ ይሄዳል። የጉና ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር የሚያልፍ ሲሆን በዚያ ከፍታ የሚታየው ጅብራና አስታ፣ ጓሳና ጉም ነው። ርብና ጉማራ ከዚህ ተራራ ተነሥተው ወደ ምዕራብ ወርደው ጣና ይገባሉ። በምሥራቅና በደቡብ በኩል የሚወርደው ውኃ ግን ጣናን ሳያይ በገደል ውስጥ ለውስጥ እያቋረጠ በበሽሎና በሌሎችም ወንዞች አድርጎ ዐባይን ይገናኛል። በአንድ ተራራ ላይ የወረደ ዝናብ በሁለት መንገድ ተለያይቶ ሄዶ በመጨረሻ በአንድ ዐባይ መገናኘቱ የሚያስደንቅ ነው። በዚሁ ውኃ የአገሩ አፈር አብሮ መሄዱ ግን የሚያሳዝን ነው።

ነፋስ መውጫ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ የተቀመጠች የላይ ጋይንት ከተማ ናት። ስሟን ማን እንዳወጣላት መጠየቅ አያስፈልግም፤ በጥቅምት ማለዳ ከመኪና የወረደ እንግዳ ጋቢውን ሲያጣብቅ ምክንያቱን ራሱ ያውቀዋል። ከእርሷ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ የጨጨሆ ገደል ይገኛል፤ ከዚያ ወዲያ ወሎ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲሄዱ፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ ሰባ ኩንታል የሚመዝን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ያለፉት በዚህ አገር ነው። መንገዱን እየጠረጉ፣ ድንጋዩን እየፈለጡ መቅደላ ለመድረስ ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ዛሬ ያን ገደል በመኪና በጥቂት ጊዜ የምናልፍ ሰዎች የአገሩን አቀማመጥ ለማወቅ ያን ድካም ማሰብ ይበቃናል።

የአገሩ ስም ራሱ አቀማመጡን ይናገራል። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት ይባላል፤ ደጋውና ቆላው እንደ ማለት ነው። በላይ በኩል ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ይበቅላል። ወረድ ሲባል ጤፍ ይመጣል፤ ወደ በሽሎ ገደል ሲጠጉ ደግሞ ማሽላው ይተካል። በታች ጋይንት ዐርብ ገበያ፣ በስማዳ ወገዳ፣ በእስቴ መካነ ኢየሱስ የየወረዳው ሕዝብ የሚገናኝባቸው ከተሞች ናቸው። የደጋ ሰው ድንቹን፣ የቆላ ሰው ማሽላውን ይዞ ገበያ ላይ ሲገናኝ አንዱ የሌላውን ጎደሎ ይሞላል። ጠዋት ውርጭ ረግጦ የተነሣ መንገደኛ ከሰዓት በኋላ ግራር ሥር ተቀምጦ ላቡን የሚጠርግበት አገር ነው።

እኛም ባለፈው ጊዜ ከነፋስ መውጫ ወደ ታች ከወረዱ የአገር ልጆች ጋር ሆነን ከእነዚህ መንደሮች በአንዲቱ ሦስት ቀን ሰንብተን ነበር። የምንነግራችሁ ነገር የጎረቤት ለጎረቤት ነገር ስለ ሆነ የመንደሪቱን ስም ትተነዋል።

መንደሪቱ በአንድ ሸንተረር ላይ የተዘረጋች ናት። ክብ የድንጋይ ቤቶች፣ የከብት ጋጥ፣ ጌሾና ጎመን የተተከለበት ጓሮ፣ በየደጁ የተከመረ ኩበት ይታያል። ቀድሞ በሣር ይከደን የነበረው ጣራ አሁን በብዙ ቤት በቆርቆሮ ተለውጧል። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች የሸክላ እንስራውን ትተው ቢጫ ጀሪካን በጀርባቸው ያዝላሉ። የቀረው ግን እንደ ጥንቱ ነው። ጎሕ ሲቀድ ዶሮ ይጮኻል፤ ወዲያው ከየቤቱ ጣራ ላይ ሰማያዊ ጢስ ይነሣል። የሽታው ምንነት ለገጠር ልጅ አይጠፋውም፤ የኩበት ጢስ ነው።

ስለዚህ ጢስ ጥቂት ብንናገር ከጉዳያችን አንወጣም። ኩበት የሚነደው እንጨት ሲጠፋ ነው። እንጨት የጠፋው ደግሞ ተራራው ተመንጥሮ ስለ ታረሰ ነው። ከብቱ የሰጠው ፋንድያ ወደ ማሳ ተመልሶ አፈሩን ማጥገብ ሲገባው ወደ ምድጃ ይገባል። ያልተመገበ አፈር እህል አይሰጥምና ገበሬው ተጨማሪ መሬት ፍለጋ ወደ ገደሉ አፍ ይጠጋል፤ ቀድሞ ለግጦሽ የተተወውን ቁልቁለት ያርሳል። ክረምት ሲመጣ የታረሰው ቁልቁለት በጎርፍ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ድንጋይ ነው። እንግዲህ አንዱ ችግር ሌላውን እየወለደ ወደ መነሻው ይመለሳል ማለት ነው። ገበሬው ይህን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ ከእኛ ይልቅ አጥርቶ ያውቀዋል። ዕውቀት ግን ዛሬ ማታ እራት የሚበስልበትን እሳት አያነድድም።

አባቶቻችን «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ለዋናተኛ ብቻ የተነገረ አይመስለንም። የአንድ ክረምት ጎርፍ የሚወስደው አፈር ለዐይን አይሞላም። የዐሥር ክረምት ግን ማሳውን ያሳጥራል፤ የሠላሳ ክረምት ልጁን ከአባቱ ርስት ያፈናቅላል። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያገኛቸው ሽማግሌዎች ዛሬም ስለዚያ ዘመን ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በሴፍቲ ኔት ርዳታ ሥር ከገቡት ወረዳዎች መካከል ናቸው። ሕዝቡም እርከን እየሠራ፣ ክትር እየከተረ እህሉን ወይም ገንዘቡን ይቀበላል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ደግሞ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ሕዝቡን አስጨንቆ አልፏል። ይህ ሁሉ የተፈራረቀበት አገር ነው።

ይሁን እንጂ ከሸንተረሩ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ምድሩ ከዳር እስከ ዳር ታርሶ፣ ተግጦ፣ ነጭ ድንጋይ አውጥቶ ሳለ፣ እዚህም እዚያም በየጉብታው ላይ ጥቁር አረንጓዴ ክብ ቦታ ይታያል። እንግዳ ሰው ምን እንደ ሆነ ቢጠይቅ እረኛው ልጅ ይስቅበታል፤ በዚያ አገር ዛፍ ተሰብስቦ የቆመበት ስፍራ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነውና። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ብሳናው፣ በደጋ በኩልም ኮሶው በዚያ ክብ ውስጥ ተጠልሎ ይኖራል።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር የሚገኙ 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን መርምረው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ በእነዚህ ደኖች ውስጥ 168 ዐይነት ዕፅ እንዳገኙ ይናገራሉ፤ ከእነዚህም 100ው ዛፍ፣ 51ዱ ቍጥቋጦ፣ 17ቱ ሐረግ ናቸው። ይህ ቍጥር ቀላል አይደለም። ከደኑ አጥር አንድ እርምጃ ወጥቶ ይህን ሁሉ ዐይነት የሚፈልግ ሰው ከባሕር ዛፍ በቀር የሚያገኘው ጥቂት ነው። ስለዚህ የደብሩ ዛፍ ለአገሩ የዘር ጎተራ ነው። ተራራው አንድ ቀን እንደገና ይልበስ ቢባል ዘሩ የሚገኘው ከዚያ ነው፤ ንቡ የሚያድረው፣ ምንጩም ጥላ የሚያገኘው በዚያ ነው።

ይህን ደን ያቆየው ማን ነው? ጠባቂ ዘበኛ አልነበረውም። ያቆየው «ይህ የእኔ አይደለም» የሚል የብዙ ሰዎች አሳብ ነው። እንጨት ያጣች እናት ኩበት እያነደደች ከደጇ ፊት ለፊት የሚታየውን ወይራ ሳትነካው ኖራለች። በአንድ ቀን የተደረገ ተአምር ሳይሆን በየማለዳው የተደረገ መታቀብ ነው።

የመንደሪቱ ሁለተኛ የጋራ ሀብት በዐይን አይታይም፤ በጆሮ ይሰማል። ጋይንትና እስቴ በእህል ድኾች ቢሆኑም በዜማ ባለጠጎች ናቸው። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ በየአገሩ የተማረ መምህር ሁሉ ቤተልሔም ገብቶ ካላስመሰከረ ዕውቀቱ እንደ ተፈተነ አይቈጠርለትም ነበር። በእስቴ ያለችው፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዐፄ ሱስንዮስ ባለቤት እቴጌ ወልድ ሠዓላ የተከሏት ቆማ ፋሲለደስም በድጓ የራሷ ስልት ያላት ስመ ጥር ደብር ናት። ዝማሬና መዋሥዕት ደግሞ የሚመሰከረው በዚሁ በጋይንት በዙር አባ ነው።

ቤተልሔም ሌላም ነገር አላት። ቶማስ ፓከናም የተባለ የእንግሊዝ ወጣት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. በበቅሎ ተጉዞ ወደዚያ በደረሰ ጊዜ ከውጭ ያየው እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ሆኖ በሣር የተከደነ ቤት ነበር። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በክቡ ቤት ውስጥ ሌላ አራት ማዕዘን የሆነ፣ በተጠረበ ድንጋይ የታነፀ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኘ። ስለ ጉዞውም በ1959 መጽሐፍ አሳትሞ ለዓለም አስታወቀ። ለእርሱ አዲስ ግኝት ነበር፤ ለአገሩ ሰው ግን አዲስ አልነበረም። አባቶች ጥንታዊውን ሕንፃ ከዝናብና ከፀሐይ ለመከለል በላዩ ላይ ጎጆ ቀልሰውለት፣ ሣሩን በየጊዜው እየለወጡ ጠብቀውት ኖረዋል። ውድ የሆነውን ነገር ተራ በሆነ ነገር ሸፍኖ ማቆየት የዚህ አገር ሰው ልማድ ይመስለናል።

ዜማው የቆየውም እንደዚሁ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ እያሉ ከፊደሉ በላይ የሚጽፏቸው ጥቃቅን ምልክቶች ድምፁ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ ያመለክታሉ። ምልክቱ በብራና ላይ ቢሆንም ዜማው የሚገኘው በሰው ጉሮሮ ነው። ከየኔታ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ ካላለፈ ብራናው ብቻውን አያዜምም። ስለዚህ ዜማው እንዲቆይ ተማሪው መቆየት አለበት፤ ተማሪው እንዲቆይ ደግሞ መብላት አለበት።

ተማሪውን ያበላው ማን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ለሚቆመው ልጅ ቁራሽ የሰጠችው የመንደር ሴት ናት። የሰጠችው ግን ከተረፋት አይደለም። እኛ በሰነበትንበት ቤት እማሆይ ዘወትር እንጀራ ሲጋግሩ የመጀመሪያዋን ትንሽ እንጐቻ ለብቻ ያስቀምጡ ነበር። ለማን እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው «ለተማሪ ናት» አሉን።

«ተማሪው ዛሬ ባይመጣስ?» ብንላቸው፣

«እርሱ ባይመጣ ሌላው ይመጣል፤ ደጅ ባዶውን አያድርም፣ ልጆቼ» ብለው መለሱልን።

«በክፉው ዘመንስ እንዴት ነበር?» አልናቸው።

እማሆይ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «በክፉው ዘመን እንጐቻዋ አነሰች እንጂ አልቀረችም» አሉ።

የድጓ ታሪክ ሲጻፍ የየኔታዎቹ ስም በተራ በተራ ይቈጠራል፤ መቈጠሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን የእማሆይን የመሰሉ እናቶች እንጐቻ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ የስም ዝርዝር ባልኖረም ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ ከባሕር ማዶም ባሉ አብያተ ክርስቲያናት በማሕሌት ሌሊት የምንሰማው የቤተልሔም ዜማ በጋይንት ገበሬዎች ሽልንጋ ገብስ ተገዝቶ የቆየ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ መንደር በስንት መንገድ እንደምትጠፋ እናስብ። በአንድ ቀን የምትጠፋ አለች። በብሪታንያ ምዕራብ ዌልስ የሚባል ተራራማ አገር አለ፤ ሕዝቡ የራሱ ቋንቋ ያለው፣ በዝማሬ የታወቀ፣ በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥም እንደ እኛ ደብሮች እጅግ ያረጁ ዛፎችን ያቆየ ነው። በዚያ አገር ካፔል ኬሊን የምትባል ትንሽ የገበሬዎች መንደር ነበረች። ጸሎት ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ ዐሥራ ሁለት ያህል ቤቶችና እርሻዎች ነበሯት። ሊቨርፑል የተባለው የእንግሊዝ ከተማ ውኃ አስፈለገኝ ብሎ ሸለቆውን ለመገደብ ሲጠይቅ ከዌልስ የተመረጡት የሕዝብ እንደራሴዎች አንድ ስንኳ አልደገፉትም ነበር፤ ሕጉ ግን ጸደቀ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. መንደሪቱ ከነመቃብሯ በውኃ ሥር ተዋጠች። ከአርባ ዓመት በኋላ በ2005 የከተማው ምክር ቤት ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው መልካም ነው፤ መንደሪቱን ግን ከውኃው አላወጣትም።

ያቺን መንደር የዋጣት ውኃ ሰው ሁሉ ያየው፣ ሕዝብ የጮኸበት ነው። የእኛን መንደሮች የሚወስደው ውኃ ግን የሚያሳስቀው ዐይነት ነው። ዛሬ አንድ ዛፍ፣ ነገ አንድ ክንድ ማሳ፣ ከነገ ወዲያ አንድ ተማሪ እያለ ይወስዳል። የሚጮኽበትም የለም። ይቅርታ የሚጠይቅም አይገኝም፤ የወሰደው ማን እንደ ሆነ አይታወቅምና። አንዳንድ ጊዜም ወሳጆቹ እኛው ራሳችን እንሆናለን።

ይህን የምንለው ስለ ሌላ ሰው አይደለም። ወደዚያች መንደር የሄድነው የአገሩ ተወላጆች ያረጀውን ቤተ ክርስቲያን አፍርሰው በአዲስ ለመሥራት ያዋጡትን ገንዘብ ለማድረስ ነበር፤ እኛም በመዋጮው ውስጥ ድርሻ ነበረን። ቆርቆሮው ስንት እንደሚፈጅ፣ ሲሚንቶው በምን እንደሚጓጓዝ፣ የድምፅ ማጉያው የት እንደሚሰቀል በከተማ ሳለን ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ ግን ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም።

በደረስን ማግሥት ማለዳ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማን። ወደ ደብሩ ስንሄድ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ጽድ መሬት ላይ ተጋድሞ አገኘነው። ሌሎች አራት ጽዶችም በኖራ ምልክት ተደርጎባቸው ነበር። የተማሪዎቹ ጎጆ ከወደቀው ዛፍ አጠገብ ነበርና ጥላው ተገፎ ፀሐይ በላያቸው ወጥታ ነበር። የኔታ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ይመለከታሉ።

ከእኛ ጋር ከመጡት አንዱ ቀረብ ብሎ፣ «የኔታ፣ ለእግዚአብሔር ቤት የሚሆን ነውኮ፤ በፈንታውም ባሕር ዛፍ እናስተክላለን» አላቸው።

የኔታም፣ «ልጄ፣ ቤቱን ለማልበስ ደጁን ታራቁታለህን?» ብለው ጠየቁት። ቀጥለውም፣ «ይህን ዛፍ እኔ ተማሪ ሆኜ ስመጣ እንዲሁ ነበር፤ የኔታዬም ተማሪ ሆነው ሲመጡ እንዲሁ እንደ ነበር ነግረውኛል። ባሕር ዛፉን መትከል መልካም ነው፤ በየማሳችሁ ዳር ትከሉት። ይህን ግን ያልተከለው ሰው አይቁረጠው» አሉት።

ከዚህ በኋላ የሰበካው ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። አንዳንዶቹ ገንዘቡ ተመልሶ እንዳይሄድ ፈሩ፤ አንዳንዶቹ የከተማ ልጆቻቸውን ማሳፈር አልወደዱም። የቀሩት አራት ዛፎች የተረፉት እኛ ስናፍር ነው። ካመጣነው ገንዘብ ላይ ቀንሰን፣ የድምፅ ማጉያውንም አስቀርተን ግንዲላ ከገበያ እንዲገዛ ተስማማን። የወደቀው ጽድ ግን ወድቆ ቀርቷል። ያን ያህል ውፍረት ለማግኘት የፈጀበትን ዘመን በምንም መዋጮ ልንመልሰው አንችልም።

ከመንደሪቱ ስንወጣ እማሆይ ስንቅ ብለው ቆሎ ቋጠሩልን። ከቤታቸው ደጅ አንድ ትንሽ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ቆሞ ነበርና እንጐቻዋን ሲሰጡት አየን። የሰጪዋ እጅ ኩበት የጠፈጠፈ፣ የተቀባዩም እግር በውርጭ የተሰነጠቀ ነበር። እኛ ደግሞ የሚበልጠውን የሰጠን እየመሰለን የመጣን ሰዎች ነበርን።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፣ በቤተ ሰባችሁ ውስጥ ተነጋግራችሁ እንድታስቡበት ጥቂት ነገር እናሳስባችኋለን።

ወደ ትውልድ ደብራችሁ ገንዘብ ስትልኩ የሚሠራው ሥራ ምን ያህል ዛፍ እንደሚፈጅ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሐውልትና ከጌጥ አስቀድማችሁ የድንጋይ አጥር አሠሩ። ምሁራኑ እንደሚነግሩን በደብሩ ደን ውስጥ አሮጌው ዛፍ ቆሞ ሳለ ልጁ የሚጠፋው ከብት እየገባ ችግኙን ስለሚበላውና ስለሚረግጠው ነው። ድንጋዩ ከማሳው ላይ ተለቅሞ በደቦ ቢካብ ማሳውም ይጠራል፤ ደኑም ይከበራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ለአንድ የድምፅ ማጉያ ከሚወጣው የሚበልጥ አይመስለንም።

ደግሞም በየንግሡ ስትሄዱ ለሰበካው ብቻ ሳይሆን ለየኔታ ጎጆም ዐስቡ። የተማሪዎቹ ምግብ በእናቶች እንጐቻ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መኖሩ ለእናቶቹ ክብር፣ ለእኛ ግን ወቀሳ ነው። አንድ ቤተ ሰብ በወር የአንድ ተማሪ ቀለብ ቢችል የእማሆይን ሸክም ያቀልላቸዋል እንጂ እንጐቻቸውን አያስቀርባቸውም።

ልጆቻችሁንም ውሰዷቸው። በከተማ የተወለደ ልጅ አገሩን በፎቶግራፍ ብቻ ቢያውቀው የሚወርሰው ስም ብቻ ነው። በጉና ነፋስ ፊቱ ይመታ፤ የበሽሎን ገደል ቍልቍል ይመልከት፤ በደብሩ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ተማሪዎቹ ሲያዜሙ ይስማ። ስለ አያቱ ቤት ሲጠየቅም ቤቶቹን ብቻ ሳይሆን የሁሉም የሆነውን ቈጥሮ እንዲመልስ አስተምሩት፤ ምንጩን፣ ዛፉንና በምጣዱ ዳር ለተማሪ የተቀመጠችውን እንጐቻ።